የአራን ጉንጉን ኮፍያ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ሳምንት የሠራሁትን ኮፍያ ፎቶ ካሳየኋችሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምጽፍ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ ብዬ ነው። ለማታውቁኝ፦ የምኖረው አየርላንድ፣ ጎልዌይ ነው። ሹራብ መሥራት የተማርኩት በልጅነቴ ከአክስቴ ነው። ጉንጉኑን ግን፣ ማለትም ሹራቡ ላይ እንደ ሹሩባ እየተሻገረ የሚወጣውን ጥለት፣ እዚህ ነው የተማርኩት። አራን ደግሞ ከጎልዌይ ፊት ለፊት ያሉት ደሴቶች ስም ነው።

መጀመሪያ በቃላት እንግባባ። መርፌው ላይ የተቀመጠችውን እያንዳንዷን የክር ጥምዝ «ቀለበት» እላታለሁ። «የፊት» የምለው ሲሠራ የ«ሀ» ፊደል መስሎ የሚወጣውን ነው። «የጀርባ» የምለው ደግሞ እንደ ምስር ፍሬ ጉብ ጉብ የሚለውን። ከነዚህ ከሁለቱ ሌላ አዲስ ነገር የለም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጉንጉኑ ከላይ የተሰፋ ነው? ወይስ አብሮ ነው የሚሠራው? (ከአዲስ አበባ)

አብሮ ነው የሚሠራው፣ እህቴ። ምንም የተሰፋ ነገር የለውም። ሹሩባ ተሠርተሽ ታውቂ የለ? አንዱ ዘለላ በሌላው ላይ ያልፋል፣ በቃ። እዚህም እንደዛው ነው።

ስድስት የፊት ቀለበቶች ጎን ለጎን አሉ እንበል። ግራና ቀኛቸው ሁለት ሁለት የጀርባ ቀለበት አለ። አምስት ዙር ዝም ብለሽ ትሠሪያለሽ። በስድስተኛው ዙር ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀለበቶች ሳትሠሪያቸው ትንሽ መርፌ ላይ ታሳርፊያቸዋለሽ። ከሥራው ፊት ለፊት ይንጠልጠሉ። ቀጥሎ ያሉትን ሦስቱን ትሠሪያለሽ። ከዚያ የተንጠለጠሉትን ሦስቱን ትመልሺና ትሠሪያለሽ። ተሻገሩ ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት ጨርቁ ጠበቅ ይላል፣ ክሩም ጣትሽን ይስባል። ትክክል ነው፣ አትደንግጪ። ሁለት ዙር ወጣ ስትይ ጉንጉኑ ራሱ ብቅ ይላል።

የቆዩት ሦስቱ ከፊት ከተንጠለጠሉ ጉንጉኑ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከኋላ ከተንጠለጠሉ ወደ ቀኝ። ይቺን ወረቀት ላይ ጽፈሽ አጠገብሽ አስቀምጪ። ጎን ለጎን የሚያጉረበርበው የጀርባ ቀለበት ደግሞ ያለ ምክንያት አልገባም። እሱ ወደ ውስጥ ስለሚሰረጉድ ነው ጉንጉኑ ጎልቶ የሚታየው።

ጥያቄ፦ ለጉንጉን የሚሆነው ትንሹ መርፌ እኛ ጋ አይገኝም። ምን ልጠቀም?

መርፌ ቁልፍ። ትልቁን ዓይነት። ወይም በሁለቱም ጫፍ የሾለ የእንጨት ስንጥር በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰሽ። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል የተሰበረ የቀርከሃ መርፌ ቁራጭ ነበር የምጠቀመው። ብረት ከሆነ ቀለበቱ ያንሸራትታል፣ እንጨት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አራን ደሴቶች ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጉንጉን ነበረው፣ ዓሣ አጥማጅ ሲሰምጥም አስከሬኑ በሹራቡ ይለይ ነበር የሚባለው እውነት ነው? (ከሚኒሶታ)

ወንድሜ፣ ይህን ታሪክ እኔም ለብዙ ጊዜ አምኜ ለሰው አውርቻለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ለዚህ የሚሆን ማስረጃ የለም። የቤተሰብ ስም የተለጠፈበት የጉንጉን ሰንጠረዥ በየቱሪስት ሱቁ ይሸጣል። የቆየ ሥር ግን የለውም። የታሪኩ ፍንጭ የሚገኘው ከቲያትር ነው። ጆን ሚሊንግተን ሲንግ የተባለው ጸሐፊ አራን ደሴቶች ላይ እየተመላለሰ ኖሮ ነበር። በ1904 መድረክ ላይ በወጣ አንድ አጭር ተውኔቱ ውስጥ እህትማማቾች የሰጠመ ወንድማቸውን ይለያሉ። የሚለዩት ግን በሹራብ አይደለም፣ በካልሲ ነው። ደግሞም በቤተሰብ ጉንጉን ሳይሆን ካልሲውን የሠራችው እህት የጣለቻቸውን አራት ቀለበቶች በመቁጠር ነው።

እኔ ይሄኛው ነው የሚበልጥብኝ። እጅ የራሱን ሥራ ያውቃል። ከአሥር ዓመት በፊት የሠራሁትን አንገት ልብስ ሰው ላይ ባየው፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አውቀዋለሁ።

የጉንጉኖቹ ትርጉምም እንደዚያው ነው። ገመድ የሚመስለው የዓሣ አጥማጁ ገመድ፣ የአልማዝ ቅርጹ ትንንሽ ማሳ፣ የማር እንጀራው የንብ ትጋት ይባላል። ያምራል። ግን በኋላ የተለጠፈ ነው። ሃይንዝ ኤድጋር ኪዌ የተባለ የክር ነጋዴ በ1936 ደብሊን ውስጥ አንድ ነጭ ሹራብ ገዛ። ጥለቱን ከጥንት የአየርላንድ መነኮሳት ቅዱሳት መጻሕፍት ጌጥ ጋር አመሳሰለውና የሺህ ዓመት ታሪክ አለው ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ከሹራቡ ጋር አብሮ ተሸጠ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ማን ነው የጀመረው?

የደሴቶቹ ሴቶች። አራን ማለት ከጎልዌይ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ያሉ ሦስት ደሴቶች ናቸው፦ ኢኒሽ ሞር፣ ኢኒሽ ማን እና ኢኒሽ ኢር። መሬቱ ድንጋይ ነው። ሰዎቹ አሸዋና የባሕር አረም እየተሸከሙ ድንጋዩ ላይ አፈር ሠርተው ድንች ይተክሉ ነበር። በ1891 መንግሥት የምዕራቡን ድሃ አካባቢ የሚረዳ ቦርድ አቋቋመ። ዓሣ ማጥመድና የእጅ ሥራም ተበረታታ። በዚያ ዘመን ከስኮትላንድና ከሌላም ቦታ ለዓሣ ሥራ የሚመጡ ሰዎች ጋንዚ የሚባለውን ጥለት ያለው የዓሣ አጥማጅ ሹራብ ይለብሱ ነበር። የአራን ሴቶች ያንን አይተው፣ ወፍራም ክር ይዘው፣ ጉንጉኑን አብዝተው የራሳቸውን አወጡ።

ስለዚህ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ብዙም የማያልፍ ነው። በ1930 ሙሪየል ጋሃን የተባለች ሴት ደብሊን መሃል አንድ ሱቅ ከፈተች። የገጠር ሴቶችን ሥራ በተገቢ ዋጋ ትሸጥላቸው ነበር፣ የአራንንም ሹራብ ጭምር። በ1961 ደግሞ የክላንሲ ወንድማማቾች የሚባሉት ዘፋኞች አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ነጭ የአራን ሹራብ ለብሰው ወጡ። ሹራቡን ብርድ እንዳይመታቸው የላከችላቸው እናታቸው ናት። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም ያወቀው።

እና ሰው «አፈ ታሪክ ነው» ሲባል የሚከፋው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ልጆቻቸውን ለማብላት በማታ መብራት የሚሠሩ ሴቶች፣ በቁጥር ብቻ ይህን ፈጠሩ። ብዙዎቹ የሠሩት ከጭንቅላታቸው ነው፣ ከወረቀት አይደለም። ስማቸው አልተጻፈም። ከመነኮሳት መጽሐፍ ተቀዳ ስንል የነሱን ሥራ ነው የምንነጥቃቸው።

ጥያቄ፦ በቁጥር ንገሪኝ። ስንት ቀለበት? ስንት ዙር? ጭንቅላቴ 56 ሴንቲ ነው።

እሺ። ይሄ ለ56 ሴንቲ የሚሆን ነው። ክሩ ወፈር ያለ፣ 100 ግራሙ ከ160 እስከ 200 ሜትር የሚሄድ ይሁን። አንድ 100 ግራም ይበቃል። መርፌ 4 ሚሊ ለጠርዙ፣ 5 ሚሊ ለሌላው።

በ4 ሚሊ መርፌ 96 ቀለበት አስገቢና አዙረሽ ግጠሚው። ሁለት የፊት፣ ሁለት የጀርባ እያልሽ 6 ሴንቲ ሥሪ። እንደ ላስቲክ የሚሳበው ጠርዝ ይሄ ነው። አጥፈሽ መልበስ ከፈለግሽ 11 ሴንቲ አድርጊው። በመጨረሻው ዙር ላይ በየ12ቱ ቀለበት ሁለት ጨምሪ። 112 ይሆናል። ወደ 5 ሚሊ መርፌ ተሻገሪ።

112 ማለት 14 ሲባዛ በ8 ነው። እያንዳንዱ ክፍል እንዲህ ነው፦ 2 የጀርባ፣ 6 የፊት፣ 2 የጀርባ፣ ከዚያ 4 ቀለበት አንድ የፊት አንድ የጀርባ እየተፈራረቀ። በቀጣዩ ዙር አራቱን ትገለብጫቸዋለሽ፣ በፊቱ ላይ ጀርባ፣ በጀርባው ላይ ፊት። ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። የመጀመሪያው መሻገር 4ኛው ዙር ላይ፣ ከዚያ በ10፣ በ16፣ በ22 እና በ28። 30 ዙር ስትሞይ ወደ 12 ሴንቲ ይሆናል።

አናቱን ለመዝጋት አንድ ዙር እየዘለልሽ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቀለበት ቀንሺ። መጀመሪያ የተበተኑትን አራቱን ጨርሻቸው፣ ሁለት ዙር ይበቃቸዋል። ከዚያ የጀርባዎቹን በግራም በቀኝም ወደ አንድ አንድ አውርጂ። ከዚያ ጉንጉኑን ራሱን ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 2። በመጨረሻ የቀሩትን ሁለቱን የጀርባ ቀለበቶች ቀንሺ። 112፣ 96፣ 80፣ 64፣ 48፣ 32፣ 16። አሥራ ስድስቱ ሲቀሩ ክሩን ቁረጪና በመስፊያ መርፌ በሁሉም ውስጥ አሳልፈሽ ሳቢው። ከውስጥ ቋጥሪ።

ጥያቄ፦ 112 አልበዛም? እኔ ተራ ኮፍያ የምሠራው በ88 ነው።

ጎበዝ፣ አስተውለሻል። ጉንጉን ጨርቁን ይሰበስበዋል። ተራ ሥራ በዚህ ክር 10 ሴንቲ ውስጥ 18 ቀለበት ቢሆን፣ ጉንጉኑ ያለበት ከ22 እስከ 23 ይገባል። ስለዚህ 112ቱ ወደ 50 ሴንቲ ይወርዳል። 56 ሴንቲ ራስ ላይ ሲሳብ ልክ ይቀመጣል።

ለዚህ ነው ሙከራ ሥሩ የምለው። 28 ቀለበት፣ ሁለት ክፍል ማለት ነው፣ 12 ሴንቲ ያህል ቁመት። እጠቡት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ለኩት። የመጀመሪያ ጉንጉን ኮፍያዬን ያለ ሙከራ ነበር የጀመርኩት። ሦስት ቀን ሠርቼ ራሴ ላይ አልገባ አለ። ሙሉውን ተረተርኩት።

ጥያቄ፦ እናቴ የመንዝ በግ ጸጉር በእንዝርት ትፈትላለች። በሱ ይሠራል? (ከደብረ ብርሃን)

ይሄን ጥያቄ ሳነብ ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት። ይሠራል፣ ግን ሁለት ነገር ልንገርሽ።

አንደኛ፣ የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ነው። ለባናና ለበርኖስ የሚመረጠው ስለሚጠነክርና ብርድ ስለሚመክት ነው። ግንባር ላይ ግን ይበላል። ስለዚህ ጠርዙን ከውስጥ በኩል በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ገብሪው። ወይም ጠርዙን ብቻ በሌላ ለስላሳ ክር ሥሪ። ከጠቦት የመጀመሪያ ሽልት ከተገኘ ደግሞ ለስለስ ይላል።

ሁለተኛ፣ አንድ ፈትል ብቻውን ጉንጉን አያሳይም፣ ይተኛል። እማማ ሁለት ወይም ሦስት ፈትል አንድ ላይ፣ ከፈተሉበት በተቃራኒ አቅጣጫ ይግመዱልሽ። ክብ የሆነ ክር ይወጣል፣ ጉንጉኑም ጎልቶ ይቆማል። አጥበው ሲያዘጋጁትም የጸጉሩን ቅባት ሙልጭ አድርገው አያውጡት። ውሃ የሚያንከባልለው እሱ ነው። የጥንቱ የአራን ሹራብ ቅባቱ ካልወጣ ሱፍ ይሠራ ነበር። ዝናብ ሲነካው የበግ በረት ይሸታል፣ እኔ ሽታውን እወደዋለሁ። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው ግን ብዙው ሜሪኖ ከሚባለው የበግ ዝርያ የሚገኝ ለስላሳ ሱፍ ነው። ስትጨርሺ እባክሽ ፎቶ ላኪልኝ።

ጥያቄ፦ መርካቶ የማገኘው አክሪሊክ ነው። ይሆናል?

ይሆናል። ለመማሪያ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ ብትተረትሪውም አያስቆጭም። ብቻ ካውያ አታስጠጊው። ጉንጉኑ ይተኛና ዳግም አይነሳም። ጥጥ ግን አልመክርም፣ የመለጠጥ ጉልበት ስለሌለው ጣት ያደክማል።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ነጭ መሆን አለበት?

የለበትም። ያልተቀለመው የክሬም ቀለም የተለመደው ነው፣ በአየርላንድኛ ባኒን ይሉታል። ጥቁር ላይ ጉንጉን አይታይም። ፈካ ያለ ማንኛውም ቀለም ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ አሥር ዙር ከሄድኩ በኋላ አንዱ ጉንጉን ወደ ተቃራኒ መዞሩን አየሁ። ልተርትረው?

አትተርትሪው! መጀመሪያ ሻይ ጠጪ። ከዚያ ቀን ብርሃን ጋ ተቀመጪ።

የተሳሳቱት ስድስት ቀለበቶች ብቻ ናቸው። ግራና ቀኝ ያሉትን አትንኪ። ስድስቱን ከመርፌው አውርጂና ቀስ እያልሽ ወደ ታች ፍቺያቸው፣ ስህተቱ እስካለበት ዙር ድረስ። አሥር የላላ ክር እንደ መሰላል ተደርድሮ ታያለሽ። ስድስቱን ቀለበት በትንሽ መርፌ ያዢ፣ ሦስቱን በትክክለኛው በኩል አሻግሪ። አሁን ከታች ጀምሮ እያንዳንዱን የመሰላል ክር በየተራ አንሺና ስድስቱን እንደገና ሥሪባቸው። ተራውን እንዳትስቺ፣ መሻገሪያው ዙር ላይ ስትደርሺም እንዳትረሺ። የመጨረሻዎቹ ክሮች ጠበብ ይሉብሻል። ከጎን ካሉት ቀለበቶች በመርፌ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ሳቢላቸው። ከታጠበ በኋላ የቱ ጋ እንደነበር ራስሽም አታገኚውም።

መጀመሪያ ስሞክረው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀብኝ።

ጥያቄ፦ ስንተኛ ዙር ላይ እንዳለሁ እየጠፋብኝ ተቸገርኩ።

በተሻገሩበት ዙር ሁሉ ቀይ ክር ቁራጭ እሠሩ። ከዚያ በኋላ ከቀዩ ክር በላይ ያሉትን «ሀ»ዎች መቁጠር ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ማስመርም ይሠራል፣ ግን ስልክ ሲጠራ ትረሱታላችሁ። ሥራውን ራሱን ማንበብ ልመዱ።

ጥያቄ፦ ጸጉሬ ከርዳዳና ብዙ ነው። ሱፍ ኮፍያ ይሰባብረዋል። (ከቶሮንቶ)

ልክ ነሽ፣ ሱፍ እርጥበት ይመጥጣል። የክብደቱን 30 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ እንኳ እርጥብ አይመስልም። ለዝናብ ቀን በረከት ነው፣ ለጸጉር ግን አይደለም። እኔ ከውስጥ ሳቲን እሰፋበታለሁ። ሳቲኑ ስለማይለጠጥ ከራስሽ ልክ 3 ሴንቲ ያህል አስፍተሽ ቁረጪውና ከሚሳበው ጠርዝ በላይ ብቻ ስፊው፣ ጠርዙ ነጻ ይሁን። ሹሩባ ወይም ድሬድ ካለሽ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ጨምሪ፤ 108 ቀለበት ጀምረሽ ወደ 126 ማሳደግ ነው። ቁመቱንም አንድ መሻገሪያ፣ ማለትም 6 ዙር፣ ጨምሪበት።

ጥያቄ፦ በኪሮሽ አይሠራም?

የሚመስለው ይሠራል። ግን ይወፍራል፣ ክርም ይበላል፣ እንደዚህ አይለጠጥም። ሌላ ሥራ ነው፣ ለብቻው እንነጋገርበታለን።

ጥያቄ፦ ክብ መርፌ የለኝም፣ ሁለት ቀጥ ያለ ብቻ ነው ያለኝ።

ችግር የለም። ለመስፊያው ሁለት ቀለበት ጨምረሽ በጠፍጣፋው ሥሪና ከኋላ ስፊው። ከጀርባ በኩል ስትመለሺ ያየሽውን መልሰሽ ሥሪ፣ «ሀ» ከሆነ የፊት፣ ጉብታ ከሆነ የጀርባ። ጤፍ በተበተነባቸው አራቱ ላይ ብቻ እንደ ተለመደው ገልብጪ። መሻገሩ ሁሌም በፊት በኩል ይሁን።

ጥያቄ፦ አጠባው?

ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ለስላሳ ሳሙና፣ 15 ደቂቃ ይዘፍዘፍ። አትሹት፣ አትጭመቁት። ሱፍ ሙቀትና ፍትጊያ አንድ ላይ ካገኘ ይጨማደድና ይጠብቃል፣ መመለሻ የለውም። ፎጣ ላይ ጠቅልላችሁ በእጅ ተጫኑት። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጣችሁ አልብሱትና ጥላ ላይ ይድረቅ። ጠርዙ ግን ሳህኑ ላይ እንዳይወጠር፣ ይላላል።

ጥያቄ፦ ሠርቼ «የአየርላንድ ኮፍያ» ብዬ ብሸጥ አየርላንዶቹ ይከፋቸዋል?

እዚህ ማንም ሲከፋው አላየሁም። «በአራን ስልት በእጅ የተሠራ» በሉት፣ እውነቱ እሱ ነው። አየርላንድ ውስጥ የተሠራ አስመስላችሁ ግን አትሽጡ። የቤተሰብ ጉንጉን ነው ብላችሁም ለገዢ አታውሩ። ዋጋ ስትተምኑ ሰዓታችሁን ቁጠሩ። እጄ ከለመደ በኋላም አንድ ኮፍያ ስምንት ሰዓት ይወስድብኛል። የክሩን ዋጋ ብቻ አስባችሁ የምትሸጡ እህቶች አሉ፣ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ለአባቴ ለገና ላደርስ እፈልጋለሁ። ጉንጉን ሠርቼ አላውቅም። እደርሳለሁ?

ተራ ሹራብ ከቻልሽ ትደርሺያለሽ። ለጀማሪ 15 ሰዓት ያህል ነው፣ በቀን አንድ ሰዓት ብትይ ሁለት ሳምንት። ሙከራውን ዛሬ ማታ ጀምሪው። የአባትሽን ራስ ለመለካት ምክንያት ከጠፋሽ የሚለብሱትን ኮፍያ ሲያወልቁ ጠብቂና ጠርዙን ለኪው፣ ከዚያ እጥፍ አድርጊው። ለወንድ ራስ ቁመቱን አንድ ሴንቲ ጨምሪበት፣ ጆሯቸውን እንዲሸፍንላቸው።